የኢሶኮ ቤትና መንገድ የሚዘጋው አምላክ

ጎረቤቴ ኢሶኮ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያስቸገራት ግን ብቸኝነት ሳይሆን የቤቷ አቀማመጥ ነው። እኛ ኪዮቶ ውስጥ ናካጋሚ የሚባለው ዘዋሪ አምላክ በተቀመጠበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የሚሄድ የለም። መጀመሪያ ሌላ ቤት ታድራለህ፣ ከዚያ አቅጣጫህን ቀይረህ ትሄዳለህ። ለሰፈራችን ሹማምንት ደግሞ "ሌላ ቤት" ማለት የኢሶኮ ቤት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ደረቅ ዓሣዋን በሉ፣ ሳኬዋን ጠጡ፣ ጠዋት አምላክን አመስግነው ሄዱ። እሷን ያመሰገነ አላየሁም።

ከሁሉ የባሰው ጸሐፊው ቺካሞሪ ነው። ሆዱ አይሞላ፣ ዓይኑ አያፍር።

ባለፈው መኸር የኢሶኮ ልጅ ከወንዙ ማዶ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ነው፤ በሰባተኛው ቀን ድግስ አያቲቱ ካልተገኘች ምኑን ድግስ ሆነ? ዋዜማውን ኮከብ ቆጣሪው ናካጋሚ ምሥራቅ ተቀምጧል፣ ገና ሦስት ቀን አይነሣም አላት። ኢሶኮ ምርር ብላ አለቀሰች። ከዚያ አንድ ሌሊት እንዲያሳድራት ልትለምን ቺካሞሪ ደጅ ሄደች። ዛሬ እንግዳ የማይገባበት ክልክል ቀን ነው ብሎ ዘጋባት።

ያው ቺካሞሪ ማታ በበሬ ሠረገላው ከች አለ፤ ለካ እሱም አቅጣጫ ሊቀይር ኖሯል! እኔ ብሆን በመጥረጊያ ነበር የማባርረው። ኢሶኮ ግን ፈገግ ብላ አስገባችው፤ እሱንም ነጂውንም እስኪዘረሩ አጠጣቻቸው። ማንኮራፋት ሲጀምሩ እኔ ጋ መጣች።

"ሠረገላ ውስጥ ማደርም ማደር ነው አይደል?" አለችኝ።

በሬውን እየጎተትን ወደ ደቡብ ወረድን። ግትር በሬ ነው፣ ጌታውን ይመስላል። ወንዙ ዳር ሠረገላው ውስጥ አድረን፣ ሲነጋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አቅንተን ልጇ ቤት ገባን። ሕፃኑን ታቅፋ ስትስቅ ሳይ እኔም እንባዬ መጣ።

እኔ ስመለስ እሷ ከነሠረገላው እዚያው ቀረች። ቺካሞሪ መሥሪያ ቤቱ በእግሩ እየተመላለሰ ሠረገላውን በሰው ሲያስጠይቅ፣ ዛሬ ነገ እያለች ሃያ ቀን ሰነበተች። በመጨረሻ ልጠይቃት ሄጄ ስመለስ፣ በማግስቱ እንዳደርስ የሰጠችኝን መልእክት ደስ እያለኝ አደረስኩለት።

"ልመጣ ተነሥቼ ነበር፤ ናካጋሚ ግን ዛሬ ምዕራብ ገባ። መጥተው ሊወስዱ ከፈለጉም፣ ሲመለሱ የሚያሳድርዎት ቤት አስቀድመው ይፈልጉ።"

ቺካሞሪ የሚያሳድረው ሰው በከተማው ሁሉ አንዲት ሴት ብቻ ነበረችው፤ እሷም ሕፃን እያስተኛች ነው።