ከስፓኒሽና ከፖርቹጊዝ እየመለሱ ያነቡልን የነበሩት እትዬ ሮማን

ዛሬ ጠዋት ተደውሎ እትዬ ሮማን አረፉ ስባል "የትኛዋ ሮማን?" አልኩ። ብሎካችን ውስጥ ሌላ ሮማን እንደሌለች እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት። ትናንት እኮ ደረጃው ላይ ተገናኝተን "ሶሊያና በላች?" ብለውኛል።

እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ነው የሄዱት አሉ። በችኮላ ስለምጽፍ ስህተት ካያችሁ እለፉኝ።

ለማታውቋቸው፣ እትዬ ሮማን ገላን ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ነበሩ። በደርግ ጊዜ በልጅነታቸው ኩባ ተልከው፣ እዚያው አድገው፣ ስለ አፈር ተምረው የተመለሱ ሴት ናቸው። ስፓኒሽ እንደ አማርኛ ነው የሚናገሩት፣ ሲናደዱማ በሱ ነው የሚቆጡት። ፖርቹጊዝም ያነባሉ። "ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው" ይሉ ነበር።

አምና ከብሎካችን ጀርባ ያለው ግቢ ውስጥ አሮጌ የመኪና ባትሪ አቅልጠው እርሳስ የሚያወጡ ሰዎች ገቡ። ጭሱ ምላስ ላይ የሚቀር ጣዕም ነበረው። ከወራት በኋላ ልጄ ሶሊያና ሆዴን ሆዴን ማለት ጀመረች። ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ክሊኒክ ወሰድኳት፣ የወስፋት መድኃኒት ሰጡን። አልተሻላትም። ጨዋታ ትታ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጥ ነበር።

እትዬ ሮማን አንድ ቀን አዩዋት። ወደ ጭሱ ዞር ብለው አዩና "ነይ ግቢ" አሉኝ።

ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። በእንግሊዝኛ ያገኙት ጥናት ሁሉ ገና መግቢያው ላይ ክፈሉ ይላል። በስፓኒሽና በፖርቹጊዝ ሲፈልጉ ግን ጽሑፉ ሙሉውን ተከፈተ።

"ይሄ እንዴት በነፃ ሆነ?" አልኳቸው።

"እነሱ አገር ዩኒቨርሲቲዎቹ ጥናታቸውን ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት ያደርጉታል። በሕዝብ ገንዘብ የተጠና የሕዝብ ነው ብለው። ድሮ ጥቂት ነበሩ። ዓመት ዓመት ሳየው እየበዙ፣ አገሮቹም እየተያያዙ መጡ። አሁን አንድ ድረ ገጽ ገብተሽ የሜክሲኮውንም የብራዚሉንም ታገኛለሽ።"

ያገኙት የአንዲት ብራዚላዊት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር፣ ባትሪ ስለሚቀለጥበት ሰፈር። ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡልኝ። የልጆቹ ሆድ ቁርጠት፣ ምግብ መጥላት፣ መፍዘዝ። የማላውቃቸው እናቶች ስለ እኔ ልጅ የሚያወሩ መሰለኝ።

"ይብቃኝ እትዬ፣ አልችልም" አልኩ።

"መጀመሪያ እናንብብ፣ ከዚያ እንፈራለን" አሉኝ። ሁሌም የሚሏት ነገር ናት። አንብበው ጨረሱ። ያን ቀን ግን የሳቸውም ድምፅ ሲሰበር ሰምቻለሁ።

በማግስቱ አብረውኝ ሐኪም ዘንድ ሄደው ደሟ ለእርሳስ ይመርመር ብለው ተከራከሩ። ውጤቱ እስኪመጣ እህል በአፌ አልዞረም። ተገኘባት።

ሕክምና ጀመረች። እትዬ ሮማን ደግሞ ከጽሑፉ ያገኙትን በየቤቱ እየዞሩ ነገሩ፤ ጫማ ውጪ አውልቁ፣ ቤቱን በደረቁ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፣ የልጆቹን እጅ ሳታጥቡ አታብሉ። ተሰብስበን ወረዳ ሄድን፣ ማቅለጫው ከግቢው ተነሣ። ሶሊያና አሁን ትበላለች፣ ትሮጣለች። ወደፊት ትምህርቷ ላይ ምን ጥሎባት እንደሚያልፍ ግን ሐኪሙም አያውቅም። ፊደል ሳስጠናት አንዷን በረሳች ቁጥር እደነግጣለሁ።

የብሎካችንን ልጆች በሙሉ ያስመረመሩት እሳቸው ናቸው። "እርስዎስ?" ስላቸው "በኔ ዕድሜ ምን ይሠራልኛል" ብለው ያልፉኛል። የመኝታ ቤታቸው መስኮት በዚያ ግቢ በኩል ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ሐሳብ መውጣት አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ባትሪ አቅላጮቹ ከመንገዱ ማዶ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ አጠገብ ሌላ ግቢ ተከራይተዋል ተባለ። ዛሬ ከለቅሶ ቤት ስወጣ ያ የጭሱ ጣዕም ምላሴ ላይ መጣ።

እትዬ ሮማን፣ እርስዎ እንዳሳዩኝ ድረ ገጹ ላይ ገብቼ ሞከርኩ። ጽሑፉ ክፍት ነው፣ ማንም አልከለከለኝም። ስልኬ እንዲተረጉምልኝ ብሰጠው ግን እርሳስ የተባለውን ብረት፣ በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው አንድ ስለሆነ መሰለኝ፣ "መሪ" አድርጎት "በልጆች ደም ውስጥ ያለው መሪ" አለኝ። እርስዎ ቢኖሩ ይስቁበት ነበር። እኔ ቀሪውን ማመን ፈርቼ ዘጋሁት።

ነገ ሳሪስ አቦ እንሸኝዎታለን። ጭስ የማይደርስበት ቦታ ያሳርፍዎት። ደህና ይሁኑ፣ እትዬ። እኛ ከነልጆቻችን ገና እዚሁ ነን።