ዓይን ያለው መብራት

እናቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የከሰዓት ፈረቃ በጨለማ ስትመለስ፣ ከአሮጌው ሐዲድ አጠገብ ያለው ቦይ ውስጥ ወድቃ የፊት ጥርሷን ሰበረች። እኔ በዚያው ክረምት የመንገድ መብራት ቴክኒሻን ነበርኩ። የአቃቂ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ዝም አይልም፤ «ለእናቱ ያላበራ ለማን ሊያበራ ነው» እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡኝ።

ስለዚህ ቢሮአችን ለሙከራ የሶላር መብራቶች ሲያመጣ አለቃዬን እስኪሰለች ለምኜ አንዱን ቦዩ ጥግ አስተከልኩ። መብራቱ ብልጥ ነው። ሰው ከሌለ ባትሪውን ለመቆጠብ ይደበዝዛል፣ ሰው ሲመጣ ቦግ ይላል። በውስጡ ባለው ሲም ካርድ ደግሞ ስንት ሰው እንዳለፈና ባትሪው ስንት እንደቀረው ወደ ቢሮ ኮምፒውተር ይልካል። እሁድ በእድር ስብሰባ ላይ ይህንን አስረዳሁ። «ለሙከራ ስለሆነ ውጤት ካላሳየ ተነቅሎ ሌላ ሠፈር ይተከላል» ብዬም ጨመርኩ። ምላሴን በቆረጠው።

የእድራችን ዳኛ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ዓለም በፊሽካ የምትሄድ ይመስላቸዋል።

«ሰው ካላየ ይነቀላል ማለት ነው» አሉ ብድግ ብለው። «እንግዲያው ሰው እናሳየዋ!»

ከማግስቱ ጀምሮ፣ ልክ ሲመሽ፣ ሠፈሩ በተራ መብራቱ ሥር መመላለስ ያዘ። ቢሮ እያየን ተዝረክርከን አንገኝም ብለው የክት ልብሳቸውን ለበሱ። ሥራ ፈት እንዳይባሉ ባዶ ጀሪካን ይዘው የሚዞሩም ነበሩ። ዳኛው ፊሽካ ሲነፉ ሁሉም ዞሮ ይመለሳል። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ባለፉ ቁጥር ምሰሶውን ጎንበስ ብለው «እንደምን አመሹ» ይሉታል።

«እማማ፣ ዕቃ እኮ ነው» አልኳቸው።

«መንግሥት በሱ ያያል አላልክም? ታዲያ መንግሥትን አንተ ልበለው?»



ችግሩ፣ ክረምት ነው፤ ፀሐይ የለም። መብራቱ በዚህ ሁሉ ሽርሽር ቦግ እንዳለ ያመሽና እናቴ ከፋብሪካ ሳትወጣ ባትሪው ያልቃል። አንድ ምሽት አጥሩን በእጇ እየዳሰሰች ስትመጣ ከቦዩ ውስጥ የማቃሰት ድምፅ ሰማች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ዳኛው። «ተራ እያስከበርኩ ነው።»

ጎትታ ያወጣቻቸው እሷ ናት። ፊሽካው ከአንገታቸው አልወረደም ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተነሣች። «እኔ ብቻዬን ባልፍ ይበራልኝ ነበር፤ እናንተ ጨረሳችሁት» አለች። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እሷ ቤቷ ሳትገባ ማንም በመብራቱ ሥር ዝር እንዳይል ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ሠፈርተኛው ሲመሽ በጓሮ በኩል፣ በጭቃው ይዞር ጀመር። አሮጊቷ ጎረቤታችን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በዚያ ጭቃ ሲያልፉ አይቻለሁ። እናቴ ደግሞ መሐል መንገዱን ይዛ፣ ቦግ ባለ ብርሃን፣ ቀና ብላ ትገባለች።

የቀጣዩ ወር ቁጥር ሲመጣ ከመብራቶቹ ሁሉ ባትሪ በመቆጠብ የኛን የሚያክል ጠፋ። አለቃዬ ፈነደቀ። ያን ጊዜ አንድ ነገር አንዴ ከተሳካ «ምርጥ ተሞክሮ» ይባል ነበር፤ ከዚያ ከሌሎች ቢሮዎች አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጥቶ ልምድ ይቀስም ነበር። መጡም። አመሻሹ ላይ መብራቱን ከበው ቆሙ፤ አለቃዬም በመካከላቸው ሆኖ ስለ ኃይል ቁጠባ ማብራሪያውን ቀጠለ። መብራቱ ከላያቸው ቦግ ብሎ ይነዳል። የእድሩ ሰዎች አጥር ተጠግተው፣ ዳኛው ከፊት ሆነው፣ በጨለማው ውስጥ አፍጥጠው ያዩናል። አለቃዬን በክርኔ ጎሸም ባደርገው «ቆይ፣ ዋናው ነጥብ ገና ነው» አለኝ።

እናቴ ከፈረቃ ወጥታ እኛ ጋ ስትደርስ መብራቱ ድርግም አለ።

ከአጥሩ በኩል ፊሽካ ተነፋ። እናቴ በዳበሳ መጥታ የአለቃዬን እጅ ያዘች።

«በዚህ በኩል ይሂዱ ጌታዬ» አለችው። «ቦዩ ጥርስ ይሰብራል።»