ላጋልጠው የሄድኩት አሰልጣኝ

ይህ ከሆነ ዓመት አልሞላውም። የማልረሳው፣ ሥራዬን በትክክል የሠራሁ እየመሰለኝ የአንድን ሰው ዕድል ልዘጋበት ጥቂት ስለቀረኝ ነው።

የምሠራው ፍኖተ ሰላም በሚገኝ አንድ ኮሌጅ፣ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ነው። የተማሪዎችን ማስረጃ እመረምራለሁ። ማኅተም አያለሁ፣ ፊርማ አስተያያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የተጭበረበረ ዲፕሎማ በእጄ አልፎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ከዚያ ወዲህ ወረቀት አላምንም። እውነቱን ለመናገር ሰውም አላምንም ነበር።

ኮሌጃችን የእግር ኳስ ቡድን አለው። ተከላካዮቹ ጎበዞች ናቸው፤ ጎል የሚያገባ ግን የለም። በኮሌጆች ውድድር አራት ጊዜ ተጫውተን አንድ ጎል ብቻ ይዘን ተመለስን፤ እሷንም ያገባልን የተጋጣሚያችን ተከላካይ ነው፣ በገዛ ጎሉ ላይ። ዋና አሰልጣኙ ጋሽ ውባንተ በወጣትነታቸው ተከላካይ ነበሩ። «እኔ የማውቀው ጎል መከልከል ነው፤ የማጥቃቱን ሥራ የሚይዝልኝ ምክትል ፈልጉልኝ» አሉ። ማስታወቂያ ወጣ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር፤ የተማሪዎች ዲኑ፣ ጋሽ ውባንተ፣ ወረቀት እንድመረምር ደግሞ እኔ።

ሦስት ሰዎች አመለከቱ። በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ የተፈተነ አንድም አልነበረም። ዮሐንስ በስፖርት ሳይንስ የተመረቀ ወጣት ነው፤ ፋይሉ ወፍራም፣ ሰርተፍኬቱ ሁሉ በፕላስቲክ የተለበጠ። ታዴ የቡሬ ልጅ ነው። ጉልበቱ እስኪጎዳ ድረስ አጥቂ ስለነበር ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ማንንም አሰልጥኖ ግን አያውቅም። ሦስተኛው ጌትነት የሚባል የሒሳብ መምህር ነው፤ የሚያስተምረው ከግሽ ዓባይ ወዲያ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ያቀረበው ሁለት ወረቀት ብቻ ነበር፤ ማመልከቻውንና ከርዕሰ መምህሩ የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ።

ደብዳቤው፣ ጌትነት ያሰለጠናቸው ልጆች በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዳሸነፉ ይናገራል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው። ያቺው ወደ ግራ የተንሻፈፈች «መ» እዚህም እዚያም አለች። ማኅተሙ ደግሞ ግማሹ አይነበብም።

«ይሄ ሰውዬ ለራሱ ምስክር ጽፏል» አልኩ።

ዲኑ «እንግዲያው ይውጣ» አሉ። ጋሽ ውባንተ ግን «ሳይጣራ?» ብለው አኮረፉ። የርዕሰ መምህሩ ስልክ ደጋግሜ ብደውል አይሠራም። በመጨረሻ «እኔ ራሴ ሄጄ አጣራለሁ» አልኩ። ደግነት እንዳይመስላችሁ። እጅ ከፍንጅ ልይዘው ፈልጌ ነው።

በማለዳ ተነስቼ እስከ ግሽ ዓባይ በሚኒባስ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ድንች የሚወጣበት ጊዜ ስለነበር ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው። መጀመሪያ ያገኘኋትን ሴት «መምህር ጌትነትን ታውቂዋለሽ?» አልኳት።

«ከወዴት መጣሽ?»

«ከፍኖተ ሰላም። ከኮሌጅ።»

ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። «ኧረ እኔ አላውቀውም» ብላ ወደ ድንቿ ጎንበስ አለች። ከዚያ በኋላ የጠየቅኳቸው ሁለት ሰዎችም እንደ እሷ ናቸው። ከየት እንደመጣሁ እስክናገር ድረስ ፈገግ ይላሉ፣ ስናገር ይዘጋሉ። በዚህች ትንሽ ቀበሌ አንድ መምህር እንዴት አይታወቅም? እየሄድኩ ጥርጣሬዬ እየበረታ መጣ።

ትምህርት ቤቱ ጋ ስደርስ ሜዳው ቁልቁል ያዘነበለ ሣር ነው። ጎል ተብለው የቆሙት የባሕር ዛፍ እንጨቶች በጣም ከመቀራረባቸው የተነሳ በመካከላቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያልፍም። እንኳን ዋንጫ ሊበላበት፣ ኳስ የተመታበትም አልመሰለኝ።

ርዕሰ መምህሩን ቢሮው ውስጥ አገኘሁት። ገና ወጣት ነው። አጠገቡ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አያ ካሴ የሚባሉ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጌትነት ለስብሰባ ወረዳ ሄዷል አሉኝ። ይህም ለእኔ የተመቻቸ ሰበብ መሰለኝ። ደብዳቤውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ፊርማው የእኔ ነው።»

«ጽሑፉስ?»

ዓይኑን ወደ አያ ካሴ ወረወረ። አያ ካሴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይኸ ሰው ለእናንተ አይሆንም» አሉኝ።

«ኳስ አያውቅም ማለትዎ ነው?»

«ለእናንተ አይሆንም አልኩሽ። ልጆቹን ያለ ኳስ ሲያሯሩጣቸው ነው የሚውል። ያለ ኳስ የሚሮጥ ኳሰኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አሸነፉ የተባለውስ?»

«እንጃ ልጄ። ወሬ አይታመንም።»

ቆሎ አቀረቡልኝ። ከዚያ ከመንደሩ በታች እስካለው ወንዝ ድረስ ሸኙኝ። አክብሮት ነበር፤ ግን ቶሎ እንድሄድላቸው የቸኮሉም ይመስሉ ነበር።

ቢሮዬ እንደተመለስኩ ሪፖርቴን ጻፍኩ። «ደብዳቤው አጠራጣሪ ነው፤ የአካባቢው ሰውም በብቃቱ አልመሰከረለትም» አልኩ። ኮሚቴው ጌትነትን አስወጣው። ጋሽ ውባንተ ከቀሩት ሁለት ወደ ታዴ አዘነበሉና የታዴ የቅጥር ደብዳቤ ተተየበ። የቀረው የዲኑ ፊርማ ብቻ ነበር።

ደብዳቤው በተተየበ ማግስት፣ ከሰዓት በፊት፣ የቢሮዬ በር ተንኳኳ። ቀና ስል አያ ካሴ ናቸው። ጫማቸው ጭቃ ነው። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ያን ቀን ዋሽተንሻል» አሉ።

ነገሩን ቆመው ነገሩኝ። ልጆቹ የዙሪያውን ትምህርት ቤቶች ማሸነፋቸው እውነት ነው። ጌትነት ልጆቹን ኳስ ማሰልጠን ከጀመረ ወዲህ ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ የለም። ኳሱን ብለው ይመጣሉ፣ ሒሳቡን ተምረው ይመለሳሉ። ማመልከቻ ማስገባቱን ሲሰሙ መንደሩ ሁሉ ደነገጠ። ርዕሰ መምህሩ የድጋፍ ደብዳቤ አልጽፍም ለማለት አፍሮ፣ «አንተው ጻፈው፣ እፈርምልሃለሁ» አለው። ከዚያ ማኅተሙን ሆን ብሎ በደረቁ መታበት።

«‹ለእናንተ አይሆንም› ያልኩሽም፣ የእኛ ነው ማለቴ ነበር። ውሸት አልተናገርኩም ብዬ ራሴን እያታለልኩ ሰነበትኩ።»

«ታዲያ አሁን ምን አመጣዎት?»

«ከስብሰባው ሲመለስ አንቺ መምጣትሽን ሰማ። ደስ ብሎት በየቤቱ እየዞረ አመሰገነን። ስለ እኔ መስክራችሁልኛል ብሎ። እኔን እጄን ይዞ ሳመኝ። ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ‹ሂድና የዋሸኸውን መልስ› አሉኝ።»

አመንኳቸው? አላመንኳቸውም። «እሱ ነው አይደል የላከዎት?» አልኳቸው።

«ልኮኝ ቢሆን ኖሮ፣ ራሴን ውሸታም ብዬ እጀምር ነበር?» አሉ። ተነስቼ ሪፖርቴን ከፋይሉ አወጣሁ።

ወደ ዲኑ ቢሮ ሄድኩ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለብኝ፤ አሁን ደግሞ በገዛ አፌ «ሪፖርቴ ስህተት ነው» ልል ነው። ሆኖም አልኩት። ዲኑ ተቆጡ፣ «ወይዘሮ ትርንጎ፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ የለም» አሉ። ጋሽ ውባንተ ግን ብድግ አሉ። «ወረቀቱም ምስክሩም ይቅርብኝ። ሦስቱንም ሜዳ ላይ ልያቸው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰዓት» አሉ። ዲኑ እያጉረመረሙ ፈቀዱ።

በሳምንቱ ሦስቱም መጡ። ዮሐንስ ሰሌዳ ይዞ ቀረበ። ጥሩ ይናገራል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ግን ተጫዋቾቹ ገና ሰውነታቸውን አላሟሟቁም። ታዴ ራሱ ገብቶ ተጫወተ። ሁለት የሚያምሩ ጎሎች አገባ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እሱ የሠራውን እንዲሠሩ ሲጠይቃቸው ግን አንዱም አልቻለም።

ጌትነት ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። የመጀመሪያ ሥራው ኳሱን ከሜዳ ማውጣት ሆነ። ከዚያ አጥቂዎቹን በእጁ እየያዘ፣ በእርምጃ፣ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ይወስዳቸው ጀመር። ተጫዋቾቹ ሳቁ። እኔም በሆዴ «ሽማግሌው አታለሉኝ» አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ተጭበርብሬ የቆምኩ መሰለኝ።

ከዚያ በሁለት ድንጋይ ጠባብ ጎል ሠራ፤ ያን በመንደሩ ያየሁትን ዓይነት። ኳሱን ሰጣቸው። «እዚህ ውስጥ ከሩቅ አትመቱም፣ አይገባላችሁም። ነፃ የሆነ ሰው ፈልጉ» አላቸው። መጀመሪያ አልሆነም። ቀስ በቀስ ኳሱ ከእግር እግር መሄድ ጀመረ። አንዱ ተከላካዩን ይዞ ሲሸሽ ሌላው በተከፈተው ቦታ ይገባል። እኔ ኳስ አላውቅም፤ ግን ሳቁ መቆሙን አስተዋልኩ። ጋሽ ውባንተ ከተቀመጡበት ተነስተው ሜዳው ጠርዝ ደርሰዋል። ወደ እኔ ዞረው፣ «ይሄን ሰውዬ የት ደብቃችሁት ነው?» አሉኝ።

ጌትነት ተቀጠረ። ዋንጫ አልበላንም፤ ጎል ግን ማግባት ጀመርን። ታዴ ያን ቀን ሰላም ሳይለኝ ነው የሄደው፤ የቅጥር ደብዳቤው መተየቡን ሰምቶ ኖሯል፣ አልፈርድበትም። ያቺን ትምህርት ቤትም አስባለሁ። ጌትነት ቅዳሜ ሲመቸው እየሄደ ልጆቹን ያሰለጥናል፤ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። አያ ካሴ ሲመጡ ይህን ያውቁ ነበር፤ አውቀው ነው የመጡት።

እኔን የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ጌትነት ዛሬም እውነቱን አያውቅም። አያ ካሴ አልነገሩትም፤ ኮሚቴውም ዝም አለ። ባገኘኝ ቁጥር፣ «እትዬ ትርንጎ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቴን አይቶ ይጥለኝ ነበር። እርስዎ ግን ለእኔ ብለው ያን ሁሉ መንገድ በእግር መጡ» ይለኛል። እኔም «ምንም አይደል» እላለሁ።

ይህን ጽሑፍ ለኅትመት ከመላኬ በፊት ላነብለት ቢሮው ድረስ ሄጄ ነበር። ከተጫዋቾቹ ጋር እየተነጋገረ ነው። ሲያየኝ ተነስቶ የራሱን ወንበር ለቀቀልኝ። ወረቀቱን አጥፌ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

እንግዲህ ታትሞ ያንብበው። ከዚያ በኋላም ወንበሩን ከለቀቀልኝ፣ ያኔ ሳልሸማቀቅ እቀመጣለሁ።