ወደ ሳውናው ይዤው የገባሁት ማተብ

ሰው ለሠርግ ምን ልልበስ ብሎ ቢጨነቅ ያምርበታል። እኔ ግን ባለፈው ዓመት ሁዳዴ አጋማሽ ላይ፣ ከስቶክሆልም ዳርቻ ቮርቢ ጎርድ ከሚባል ሰፈር፣ ታላቅ እህቴ ቤት፣ የመኝታ ክፍሌን በር ቆልፌ አልጋዬ ላይ ልብስ የደረደርኩት ልብስ ወደሚወለቅበት ቦታ ልሄድ ነበር። የምሄደው መሃል ስቶክሆልም ወዳለ የጌይ ሳውና ነው። ወንድ እንደምወድ ካወቅሁ የዕድሜዬ ግማሽ አልፏል። እንደኔ ካሉ ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ግን አላውቅም ነበር።

ስልክ ላይ የተዋወቅሁትን አንድ ስዊድናዊ ምን ለብሼ ልሂድ ብዬ ብጠይቀው፣ ምንም ብሎ መለሰልኝ። ፎጣ እዚያው ይሰጣሉ፣ ነጠላ ጫማ ከፈለግህ ያዝ፣ ብረት ነገር ግን አውልቅ፣ ያቃጥላል አለኝ። ቀላል ነገር የነገረኝ መስሎታል። እኔ የገዛ ወንድሜ ፊት እንኳ ሸሚዜን ዞሬ የማወልቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጉልበቴ ድረስ የሚደርስ የዋና ቁምጣ ገዛሁና ከሱሪዬ ሥር ለበስኩት። ከላይ የተተኮሰ ሸሚዝ አደረግሁ። ለማን ብዬ እንደተኮስኩት እግዜር ይወቀው። ትንሽ የብር መስቀል ያንጠለጠለው ማተቤ እንደ ወትሮው አንገቴ ላይ ነበር። እሱን ከብረት አልቆጠርኩትም።

ለእህቴ ሱንድቢበሪ የሚባል ሰፈር ጓደኛዬ ጋ እሄዳለሁ አልኳት። ጓደኛዬ ጴንጤ ነው። ደግ ሰው ነው፤ እሷ ግን ስሙ በተነሳ ቁጥር ፊቷ ይጨፈግጋል። አንድ ቀን ወንድሜን ይወስድብኛል እያለች ትሰጋለች። የምዋሽበትን ቦታ ስመርጥ ይህን አላሰብኩም።

የሳውናው በር ምልክት እንኳ የሌለው ተራ በር ነው። መቀበያው ላይ የተቀመጠው ሰው ፎጣና የቁም ሣጥን ቁልፍ ሰጠኝ። ልብሴን አውልቄ በቁምጣ ብቅ ስል ግን በዋና ልብስ ወደ ሙቁ ክፍል እንደማይገባ በትሕትና ነገረኝ። ላብ በላብ ሆንኩ፤ ገና ሙቀቱ ሳይነካኝ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ቁምጣውን አወለቅሁና ፎጣውን ጠበቅ አድርጌ አገለደምኩ። ማንም ዞሮ አላየኝም።

ስዊድኖች ባስቱ በሚሉት የእንጨት ክፍል ውስጥ ጥቂት ወንዶች ፀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሁለቱ ስለ በጋ ቤታቸው ጣሪያ ያወራሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ሰዶምና ገሞራ ተሰብኬ፣ ያገኘሁት ጣሪያ የሚያፈስባቸው ሽማግሌዎችን ሆነ። ታችኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳልቆይ መስቀሉ ጋለ። ደረቴን እንዳይነካ ጎንበስ አልኩ፤ በመዳፌ ስይዘው መዳፌን አቃጠለኝ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽበታም ሰው ብታወልቀው ይሻልሃል፣ ቆዳህ ይጎዳል አሉኝ። አዝነውልኝ ነው። ማተቡን ከአገር ስወጣ እናቴ ናት ያሰረችልኝ። እኛ ዘንድ ማተብ የለውም የተባለ ሰው ምስክርነቱም አይታመን፣ መሐላውም አይያዝ። ይህን ፎጣ ያገለደመ ሰው ፎጣ ላገለደመ ሰው እንዴት ብሎ ያስረዳል?

ወጥቼ ቁም ሣጥኑ ፊት ቆምኩ። ቋጠሮው በላብ ርሶ አልፈታ አለኝ። ልበጥሰው አልደፈርኩም፤ በጭንቅላቴ አሾልኬ አወጣሁት። ጫማዬ ውስጥ ልከተው ስል ራሴን ተቆጣሁና በመሐረብ ጠቅልዬ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩት። ተመልሼ ስገባ ሽበታሙ ሰው ጠጋ አሉልኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ስለ ራሴም አንዳንድ ነገር፣ ያለ ምንም ውሸት፣ አወራኋቸው። ደስ አለኝ። ማተቡን ካወለቅሁ በኋላ ጭንቅ ይሆንብኛል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ቀለለኝ። ያስደነገጠኝ ይኸው ነው። ወደ ቤት ስመለስ ባቡር ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ቤት ገብቼ ማተቡን መልሼ ላጠልቀው ስል እጄ እምቢ አለኝ። አገር ቤት ንጹሕ አይደለሁም የሚል ሰው ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። እኔም ጥቂት ቀን ይለፍና አጠልቀዋለሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። እስከዚያ ድረስ አንገቱ ከፍ ያለ ሹራብ መልበስ ጀመርኩ።

እሑድ እህቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ወጥ ቤት ውስጥ በሹራቤ ሲያልበኝ አገኘችኝ። እስቲ ልይህ ብላ አንገትጌዬን በጣቷ ዝቅ አደረገችው። ታላቅ ናትና ፈቃድ አልጠየቀችም።

«ማተብህስ?»

ነጠላዋን ሳታወልቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሱንድቢበሪ የምትመላለሰው ለምን እንደሆነ ድሮም ገብቶኛል፣ ልጁ ጸሎት ቤታቸው እየወሰደህ ነው አለች። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ከዚያ እናቴን አሰብኩ፤ እህቴ ሁልጊዜ ማታ ትደውልላታለች፣ የሚደበቅ ነገርም በመካከላቸው የለም። ፈራሁ።

«ጴንጤ ሆነሃል አይደል? ብቻ ንገረኝ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

ብዙ አለቀሰች። የአባታችንን አጥንት፣ የእናታችንን ስለት፣ የክርስትና ስሜን ሳይቀር እያነሳች አለቀሰች። እኔ ጠረጴዛውን እያየሁ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራርጋ በረዥሙ ተነፈሰች።

«ተመስገን» አለች። «እኔስ የፈራሁት ሌላ ነበር። ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ አድሬያለሁ። እሱን ከምሰማ ሞቴን በመረጥኩ።»

ሌላው ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ተነስታ ፍሪጁን ከፈተችና ለትንንሽ ልጆቿ ያስቀመጠችውን እንቁላል አወጣች። እንግዲህ አንተ ጾሙም የለብህ፣ ሽሮ ለምን ትበላለህ አለችኝ። ሽታው እንዳይደርስባት ፊቷን ወደ ጎን መልሳ ጠበሰችልኝ። እኔ በሁዳዴ እንቁላል ቀምሼ አላውቅም። ያን ቀንም እየጾምኩ ነበር። ሳህኑን ፊቴ አስቀምጣ፣ እጇን አገጯ ሥር አድርጋ ቁጭ ብላ ታየኝ ጀመር። ቆርሼ በላሁ።