አባባ ጣራ ገዳም ናቸው

እስካሁን ሳስበው ክው እላለሁ። መምህር ነኝ፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ኩረጃ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ሆኖ እንኳ አያመልጠኝም። የገዛ ታናሽ እህቴ ግን አምስት ወር ሙሉ ሸወደችኝ። ለነገሩ የጀመርኩት እኔ ነኝ።

እህቴ የምትሠራው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለች አንዲት ደሴት፣ ለእረፍት የሚመጡ ፈረንጆች በሚያርፉበት ሆቴል ነው። አልጋ ታነጥፋለች፣ ፎጣ በዳክዬ ቅርፅ ታጥፋለች። ይህን ስትነግረን እናቴ «ለምን?» ብላ ነበር፤ እስከ ዛሬ መልስ ያገኘላት የለም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት አለቃቸው ሠራተኞቹን ሁሉ አሸዋው ላይ ታሰልፍና እያንዳንዳቸው አንድ በጎ ነገር እንዲናገሩ ታደርጋለች። ክፉ ወሬ አይወራም፣ ፊት አይጠቆርም። አዎንታዊ አስተሳሰብ ይሉታል። እህቴ ተራዋን ከጨረሰች በኋላ ያንኑ በአማርኛ በድምፅ ቀድታ ትልክልኛለች፦ «እንዴት አደራችሁ! ዛሬ ባሕሩ መስታወት መስሏል። ሕይወት ደስ ይላል። አባባን ሳሙልኝ!»

እውነቱን ለመናገር ያናድደኝ ነበር። ሦስት ሹራብ ደራርቤ በውርጭ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ስለ ባሕር መስማት አልፈልግም። አባባ ግን ወደዱት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገሳይ ወጣ ብሎ ወዳለው የወላጆቼ ቤት ስሄድ የሳምንቱን ድምፅ በተራ አሰማቸዋለሁ። ከድንች ማሳቸው ቀና ብለው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ።

«ባሕሩ ጨው ከሆነ ከብቱ ምን ይጠጣል?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ከብት የለም አባባ።»

«እና ምኑ ነው ደስ ያላት?» አሉና ከት ብለው ሳቁ።

አባባ በድንገት ሞቱ። አመም አደረገኝ ብለው ተኙ፣ በማግስቱ የሉም። ከቀብር ስንመለስ ታላቅ ወንድማቸው፣ አጎቴ፣ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ለዚያች ልጅ በስልክ ብትነግሪያት ወየውልሽ» አሉኝ። «ደረቷን ስትመታ ማን እጇን ይይዝላታል? ስትመጣ፣ ወገን ከቧት ትረዳለች።»

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እኛ ዘንድ ይህን የማያውቅ የለም። ሰው እርሙን የሚያወጣው ከሰው ጋር ሆኖ ነው። አምኜበት ተቀበልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ድምፅ መጣ። አባባን ሳሙልኝ ይላል። ጉሮሮዬን ጠራረግኩና «አባባ ጣራ ገዳም ሱባዔ ገብተዋል፤ ስልክ አይዙም» ብዬ መለስኩላት። ቀኑ ሲረዝም ደግሞ «ከመነኮሳቱ ጋር መክረም ፈልገዋል» አልኩ። እንዲህ እያልን ቀጠልን፤ እሷ ስለ ባሕሩ፣ እኔ ስለ ጣራ ገዳም። በቀብሩ ቀን እናቴን ደግፌ መቆም ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ድምፄን መጠበቅ ነበረብኝ፤ ያለቀሰ ሰው በስልክ ይታወቃላ። አላለቀስኩም።

በሰባተኛው ቀን «እማዬን አሳዪኝ» አለችኝ። ለዚህም ብልጠት አላነሰኝም። የእናቴን ጥቁር ልብስ አስወለቅኩ፣ የተላጨ ራሷን በሻሽ ሸፈንኩ፣ ነጭ ቀሚስና ባለ ጥለት ነጠላ አስለበስኳትና ፎቶ አነሳኋት። «ትንሽ ፈገግ በይ» ማለቴ ትዝ ሲለኝ አሁንም አፍራለሁ።

አምስት ወር እንዳለፈ «ፈቃድ አገኘሁ፣ ልመጣ ነው» አለች። አጎቴና የንስሐ አባታችን ተመካከሩ። ደብረ ታቦር እኔ ቤት ታድራለች፤ እነሱ ሊነጋጋ ሲል መጥተው ያረዷታል፤ ከዚያ ወደ እናታችን ይወስዷታል።

ባሕር ዳር ሄጄ ተቀበልኳት። ፀሐይ አጥቁሯታል፣ ራሷን በሻሽ ጠምጥማለች፣ ትስቃለች። መንገዱን ሙሉ ስለ ደሴቱ አወራች። እራት ላይም አወራች። አባባን ግን አልጠየቀችም። አንድ ጊዜ እንኳ! ገዳም የከረመ አባት እንዴት ነው አይባልም? ውስጤ ነደደ። ያ አሸዋ ላይ ተሰልፎ ደስ ብሎኛል ማለት የልጅቱን አንጀት አድርቆታል አልኩና ጀርባዬን ሰጥቻት ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ አጎቴ፣ ቄሱና ሁለት ጎረቤቶቼ ገቡ። ዞር ስል እህቴ ከአልጋዋ ወርዳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳለች። ሻሿን አውልቃለች፤ ጸጉሯ ተላጭቶ ገና በመብቀል ላይ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች።

አጎቴ «በስመ አብ!» ብለው ግድግዳውን ተደገፉና ወደ እኔ አፈጠጡ። «ነገርሻት?»

«እኔ አልነገርኳትም!»

«ማንም አልነገረኝም» አለች እህቴ። ስልኳን አውጥታ ያንን የእናታችንን ፎቶ አሳየችኝ። «ጥለቱን እዪው፣ እታለም።»

አየሁት። ልብሱን ነጭ አድርጌዋለሁ፤ እናቴ ግን ሳታስበው ነጠላውን የሐዘን አለባበስ ለብሳው ኖሯል። ወደ ታች መውረድ የሚገባው ጥለት አንገቷ ሥር ተጠምጥሟል። የስንት ተማሪ ስሕተት የማርም ሰው፣ ይህን አላየሁም።

«አባባ መሆናቸውን በምን አወቅሽ?»

«ሌላ ሰው ቢሆን ትነግሪኝ ነበር።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ድምፅ? አባባን ሳሙልኝ ስትይ የነበረው?»

«ባቆም ማወቄን ታውቂ ነበር። ለእኔ ብላችሁ ስትደክሙ እንዴት ላፍርሰው? ማታ ያልጠየቅኩሽ ፊት ለፊት እንዳላስዋሽሽ ብዬ ነው። እዚያ ደግሞ አይለቀስም። ጸጉሬን ስላጭ አለቃዬ አምሮብሻል አለችኝ።»

ማታ በሆዴ የሰደብኳት ስድብ ሁሉ ተመልሶ ፊቴ ላይ ቆመ። እሷ ግን ወደ ቄሱ ዞራለች።

«አባ፣ ይንገሩኝ።»

«ልጄ፣ ታውቂው የለ?»

«አውቀዋለሁ። ሰው ግን አልነገረኝም። አምስት ወር ሙሉ እርሜን አላወጣሁም። ይንገሩኝና ላልቅስ።»

ቄሱ አጎቴን አዩዋቸው፤ አጎቴ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መስቀላቸውን ይዘው ቀረብ አሉና፣ ምንም ለማያውቅ ሰው እንደሚነገረው፣ ቀስ ብለው ነገሯት።

«ጠንከር በይ ልጄ። አባትሽ ዐርፈዋል።»

ጮኸች። ጎረቤቶቹ እጇን ሊይዙ ተሻሙ። አጠገቧ ሆኜ እኔም መያዝ ነበረብኝ፤ ለዚህ ነበር አምስት ወር የዋሸሁት። ግን መቆም አልቻልኩም። በየጠዋቱ ጣራ ገዳም ናቸው ስል ከርሜ፣ ለካ እኔም አምኜው ኖሯል፤ አንድ ቀን ከገዳም ወርደው ይመጣሉ ብዬ ስጠብቃቸው ነበር። የአባባን ሞት የሰማሁት ያኔ ነው።

ደረቴን ስመታ እጄን የያዘችኝ እህቴ ናት።