ወንድሜ ያስተካከለው ጥቁር

ትናንት የጦር ካምፑ መብራት እንደመጣ... ባሻ ከበደ ለቅሶ ሊደርሱን መጡና ቴሌቪዥናችንን ዘጉት።

ቴሌቪዥን ስል ሳጥኑን ነው። የአዲስ አበባው ሥርጭት ነገሌ አይደርስም፤ ሲከፈት በረዶ የመሰለ ነገር ብቻ ይርመሰመሳል። የአባዬ ወዳጅ ኦቦ ጃርሶ ከሜጋ መጥተው ትኩር ብለው ካዩት በኋላ፣ አዲስ አበባ ዝናብ ነው እንዴ ብለው ጠይቀዋል።

ያመጣልን ወንድሜ ጌታቸው ነው። አዲስ አበባ ቴሌቪዥን ጣቢያ ይሠራ ነበር፤ ሥራው የሥዕሉን ጥቁር በልክ ማድረግ። ጥቁሩ ካነሰ አመድ ይመስላል፣ ከበዛ ደግሞ የሰው ፀጉር ከኋላው ካለው ጥላ ጋር ይቀላቀላል ይለን ነበር። ለፈቃድ የመጣ ጊዜ የኛንም ሳጥን የጥቁር ማስተካከያ ቁልፍ ቀስ እያለ አዞረና «ሥዕሉ አንድ ቀን ይመጣል። ጥቁሩን በልኩ አድርጌዋለሁ፣ ማንም እንዳይነካው» አለ። አባዬ ሃምሳ አለቃ ነው... ትዕዛዝ ያውቃል። አቧራውን ስጠርግ እንኳ እጄን ይመታኝ ነበር።

ጌታቸው ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ቦሬ ጋ ተገለበጠ።

ከዚያ ወዲህ አባዬ ማታ ማታ ይከፍተውና ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ትናንት ለቀስተኛ ሊሸኝ ወጣ ሲል ባሻ ገቡ። ለቅሶ ቤት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም ብለው ተቆጡ... ትንፍሽ በማይል ሳጥን ላይ። መዝጊያውን ስለማያውቁት ያሉትን ቁልፎች ሁሉ ተራ በተራ ጠመዘዙ። እኔ በነጠላዬ አፌን ይዤ ሳቄን ስታገል፣ እጃቸው የት እንደደረሰ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አባዬ ተመልሶ ሲከፍተው መስተዋቱ አመድ መስሏል። ማን ነካው አለ። ባሻ ጋቢያቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

አባዬ ቁልፉን ያዘ። ጠቆረ... ነጣ... ጠቆረ።

«ጌታቸው የት ላይ ነበር የተወው? አንቺ አይተሻል?»

አላየሁም። ግን ተነሥቼ እጁን ገለል አደረግኩና አዞርኩት፤ እንደሚያውቅ ሰው አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ።

«እዚህ ጋ ነበር አባዬ።»

ብዙ አየው። «አዎ... እዚሁ ነበር» አለ።

ባሻም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ እውነት ነው እዚሁ ነበር ብለው መሰከሩ። ከትናንት በፊት ቴሌቪዥኑን አይተውት አያውቁም።

ሥዕሉ ነገሌ የደረሰ ቀን የሦስታችንም ጉድ ይፈላል።