ኦቦ ገመቹ ያልጨረሱት ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ቡራዩ ውስጥ የምንከራይበት ግቢ ባለቤት ኦቦ ገመቹ ይባሉ ነበር። ያኔ መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ፣ አመሻሹ ላይ ከሰል አያይዘው በረንዳቸው ላይ ሲቀመጡ እኛ የተከራይ ልጆች በቆሏችንን ይዘን እንከባቸዋለን፤ ኩራዟ ከኋላቸው ትጨሳለች፣ ፍሙ ፊታቸውን ከታች ያበራዋል። ታዲያ ተረታቸው እንደ ሌላ ሰው ተረት አልነበረም። ልባችን የተንጠለጠለበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው «ጋፈዳ! ጠይቁ እንጂ!» ይላሉ። ካልተጠየቁ አይቀጥሉም። ጥያቄው የማይረባ ከሆነ ደግሞ «እሱንማ ጅቡም ያውቀዋል» ብለው በቆሏቸውን ይፈለፍላሉ።

እኔ ጠያቂ ነበርኩ። እናቴ ይህን ጠባዬን አትወደውም፤ በሰው ቤት ተከራይቶ ምላስ ማስረዘም ሻንጣ ያሸክማል ትለኝ ነበር። ኦቦ ገመቹ ግን ይወዱልኛል። አንዳንዴማ ተረቱ ወዴት እንደሚሄድ እሳቸውም የሚያውቁት እኔ ከጠየቅኩ በኋላ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ለልጆች መጻሕፍት በመጻፍ የምኖረው ተረትን ያኔ በዚያ በረንዳ ላይ ስለተማርኩ ነው።

አንድ ምሽት ስለ አንድ ገበሬ አወሩልን። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ደጁ ሲደርስ መሬቱን ሸጠ፣ በሬዎቹንም ሸጠ፣ በገንዘቡ ቤት ሠርቶ አከራየ። ግን በየማለዳው ዶሮ ሲጮህ ይነሳል፤ የሚሄድበት የለውም። እዚህ ላይ ቀጥ አሉ። ጅብም ጦጣም ስላልነበረበት ሌሎቹ ልጆች ያዛጋሉ።

«ማረሻውንስ ምን አደረገው?» አልኳቸው።

ኦቦ ገመቹ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ተነስተው ገቡ። እናቴ ጆሮዬን ይዛ ወደ ቤት ጎተተችኝ።

«ሽማግሌ ታስለቅሻለሽ? ነገ ውጡ ቢሉን የት ልንገባ ነው?»

በማግስቱ ኦቦ ገመቹ እዚያው በረንዳቸው ላይ ተቀመጡ። «እሺ፣ የት ላይ ነበርን?» ብለው እኔን አዩ። እኔ በቆሎዬን አየሁ። «ዛሬ ጠያቂ የለም?» አሉ ቆይተው። ድምፃቸው ልመና ነበረበት፤ ያኔ አልገባኝም። ልጆቹ የጦጣዋን ተረት ሲሏቸው እሷን ለብ ለብ አድርገው ጨረሱልን። የገበሬውን ተረት ዳግመኛ አላነሱትም።

ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ለቅሶው ላይ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ያን ስለ ማረሻው የጠየቅሻቸው ቀን ማረሻቸውን ከአልጋ ሥር አወጡት» አሉኝ። «ሲወለውሉት አመሹ። ነገ ልጅቷ ስትጠይቀኝ አሳያታለሁ፣ ሁሉንም እነግራታለሁ አሉ። ለእኔ ለሚስታቸው እንኳ ያልነገሩኝን! ለምን ዝም አልሽ ልጄ?»

አለቀስኩ ብቻ።

እናቴን አልወቅሳትም፤ ከቤት የመባረር ፍርሃት ምን እንደሆነ በኋላ እኔም አይቼዋለሁ። ግን ያ ዝምታ አብሮኝ አደገ። ዛሬም ለመጽሐፌ ብዬ ሱሉልታም ሰበታም እወርዳለሁ፣ ሰው አነጋግራለሁ፤ የማነጋግረው ሰው ዓይን እንባ ሲያቀርር ግን ደብተሬን አጥፌ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እነሳለሁ። ተረቶቼ ያስቃሉ ይሉኛል፤ እውነት ነው፣ ከማሳቅ አያልፉም። አክባሪ የሆንኩ እየመሰለኝ፣ ስንቱን ሰው ሊናገር አፉን እንደከፈተ ጥዬው ሄጃለሁ።